ማክሰኞ ያልመጣው አቤት ባይ

«አንድ ከንቲባ ነበረ» አሉ መምህር ጥላዬ፣ ጥያቄው ከትብለጥ አፍ ገና ተጠቃሎ ሳይወጣ።

ትብለጥ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆና ከተመረጠች አምስተኛ ወሯ ነው። መምህር ጥላዬ ስድስተኛ ክፍል ሳለች ሒሳብ ያስተማሯት፣ አሁን ጡረታ ወጥተው በረንዳቸው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ ናቸው። የመጣችው ጤናቸውን ልትጠይቅ ነበር። ነገር ግን ከተቀመጠች ጀምሮ ስልኳ ፋታ አልሰጣትም። አንዱ «የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ይጮሃል፤ ዶሮው የሚኖረው በእርስዎ የምርጫ ክልል ስለሆነ ጉዳዩ እርስዎን ይመለከታል» ብሎ ጽፎላታል። አንዷ «ትናንት ቴሌቪዥኑ ዝናብ አለ ስላለኝ ልብስ ሳላጥብ ዋልኩ፤ ፀሐይ አናት ስትበሳ ዋለች፤ ማን ነው የሚጠየቀው?» ብላለች። ሌላው መብራት በጠፋበት ሰዓት ቤቱን ፎቶ አንስቶ፣ ምንም የማይታይበት ጥቁር ሥዕል ልኮላታል። ሥሩ ላይ «ሳሎናችን» ይላል።

ትብለጥ መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ ግን ተማረረች። ተነስታ ቆመች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እንዴት ነው ይሄን ሰው ዝም የማሰኘው? ማማረሩን የሚያቆመው መቼ ነው?» ነበር ያለቻቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይህን ነገሯት።

አንድ ከንቲባ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ይወዳል፤ ሳቅ ይወዳል። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ግን አይሆንለትም። ስብሰባ ላይ እግሩን ያወዛውዛል፤ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሰው እያነጋገረው ተነስቶ በመስኮት ያያል። ሥራው ብዙ ነው፤ ልቡም እንደ ሥራው ብዙ ቦታ ይሮጣል።

በተሾመ በሁለተኛው ዓመት አንድ መልካም ነገር አሰበ። «ማክሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ ሁሉ ያለ ቀጠሮ ይግባ» ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ በራዲዮ ተነገረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከቢሮው ደጅ ያለው ረጅም አግዳሚ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው ይሞላው ጀመር። ተራ ያልደረሰው ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ከንቲባው ግን ብዙም አይሰማቸውም ነበር። አንዱ ሲናገር ስልኩ ይጮሃል፤ ሌላው ሲናገር የሚፈረም ወረቀት ይመጣል። ለሁሉም የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ይታያል።»

አንድ ማክሰኞ አንድ ጸጉር አስተካካይ ገባ። ሱቁ ከገበያው በታች ባለው ሰፈር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሲናገር ፊቱ ላይ አንድም ነገር የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። ከንቲባው እንደ ልማዱ ስልክ ላይ ነበር። ሰውዬው ጥቂት ጠበቀ፤ ስልኩ እንደማያልቅ ሲያይ ዝም ብሎ ጀመረ።

«ክቡር ከንቲባ፣ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ደንበኛዬን በማሽን እየላጨሁት ግማሽ ራሱ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ሰውዬው ለልጁ ሚስት ሊለምን ለሽምግልና የሚሄድ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን፤ መብራቱ አልመጣም፤ እንደሆነ ሆኖ ሄደ። የልጅቷ አባት ደጅ ወጥተው በቀኝ በኩል ቢያዩት የተከበረ ሽማግሌ ነው፣ በግራ በኩል ቢያዩት ከእስር ቤት ያመለጠ ነው። ‹ከሁለቱ የትኛውን ነው የምናነጋግረው?› ብለው ልጅቷን ከለከሉ። አሁን ሰውዬው ‹ለልጄ ሚስት ፈልግ› ብሎ እኔን ይዞኛል። እኔ የማስተካክለው ጸጉር ነው፤ ትዳር አላስተካክልም። መብራቱን ያጠፋው ሰው ይፈልግለት።»

ከንቲባው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጸሐፊዋን ጠራ፤ ምክትሉን ጠራ፤ «እስቲ ድገመው» አለ። ሰውዬው ደገመው። ወንበር ተሳበለት፤ ሻይ መጣለት። ሲወጣ ከንቲባው ራሱ እስከ በሩ ሸኘው። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ይታያል፤ ግን አትጥፋ!» አለው።

ሰውዬውም አልጠፋም። በሚቀጥለው ማክሰኞ መጣ።

«ክቡር ከንቲባ፣ ዜናው ‹በከተማችን ዘጠና በመቶ የሚሆነው ነዋሪ ንጹሕ ውሃ ያገኛል› ባለ ቁጥር ሚስቴ ባዶ ባልዲ ይዛ እኔን ታየኛለች። እኛ ከአስሩ ውስጥ መሆናችንን ተቀብለናል። ግን ጎረቤቶቼም ከአስሩ ውስጥ ናቸው፤ ዘመዶቼም፤ ደንበኞቼም። ከዘጠናዎቹ አንዱን እንኳ እስከ ዛሬ አልላጨሁም። እባክዎ አንድ ቀን ያስተዋውቁን፤ መልካቸውን ማየት ናፍቆናል።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አለ። «ማኅተም ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄጄ፣ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ስብሰባው ስለምንድን ነው ብል፣ ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ስለማድረግ ነው ተባልኩ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሲጨርሱ ሳይጉላላ የቀረ ባለጉዳይ ካለ እንዲያሳዩን እንጠብቃለን።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ። «ራዲዮው የሰፈራችን መንገድ ተመርቆ ለአገልግሎት ተከፈተ ሲል ደንበኛዬ ወንበሬ ላይ ነበር። ሁለታችንም ወጥተን አየን። መንገዱ ዜናውን አልሰማም።»

የመንገድ መብራቱ ቀን በርቶ ውሎ ሲመሽ የሚጠፋው ፀሐይን ለማገዝ እንደሆነም ጠይቋል። ቧንቧ እንቀብራለን ያሉ ሰዎች ከሱቁ ፊት ለፊት የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው እንደጠፉም ተናግሯል። «ስምንት ወር ሆናቸው። ጉድጓዱ አለ፤ ቧንቧው የለም። ምናልባት ጉድጓዱን ከቧንቧው ጋር ለማላመድ ቀድመው ያመጡት ይሆናል» ብሎ ነበር። ይህን ሲል ምክትሉ ሳቅ አፍኖት ውሃ ተሰጠው።

ማክሰኞ ለከንቲባው የበዓል ያህል ሆነ። ከጠዋቱ ጀምሮ በሩን ያያል። «መጣ?» ይላል። እንግዶች ካሉት ማክሰኞ እንዲመጡ ይቀጥራቸዋል። ሌሎች ከተሞች ለስብሰባ ሲሄድ የጸጉር አስተካካዩን ነገሮች እያነሳ ሰው ያስቃል፤ «ሕዝቡን የሚያዳምጥ ሹም» የሚል ስምም ወጣለት። ጸሐፊዋ የሰውዬውን ንግግር የምትጽፍበት ደብተር ነበራት። ደብተሩ ውስጥ የዘጠና በመቶው ቀልድ አለ፤ ስለ ውሃው ግን የተጻፈ ነገር የለም። ግማሽ ራሱ የተላጨው ሰው አለ፤ ስለ መብራቱ ግን አንድ መስመር የለም። ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ከንቲባውም አላስተዋለም።

አንድ ማክሰኞ ከሌላ ከተማ ሦስት ሹማምንት መጥተው ነበር። ከንቲባው ስለ ጸጉር አስተካካዩ ሲያወራላቸው ቆይቷል። ሰውዬው ግን ዘገየ። ከንቲባው ሦስት ጊዜ ተነስቶ በሩን ከፈተ፤ ሁለት ጊዜ ዘበኛውን ጠየቀ። በመጨረሻ ሰውዬው ሲገባ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«መጣ! ያልኳችሁ ሰው ይሄው!»

ጸጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ እንደ ወትሮው ነው። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። እንግዶቹን አያቸው። ከአሁኑ ጥርሳቸው ተገልጧል።

«በል እንጂ!» አለ ከንቲባው እጁን እያሻሸ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው ገምሰህ የላክኸው?»

ሰውዬው በዚያው በማይለወጥ ድምፁ፣ «ክቡር ከንቲባ፣ ያ ጉድጓድ እሁድ ዕለት ሰው አስገባ» አለ። «ቧንቧው ቢቀር ቢቀር፣ አንድ ነገር ገባበት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንደኛው እንግዳ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ከንቲባው ወገቡን ይዞ፣ «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» ይላል። ሰውዬው ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ሳቁ ሊበርድ ሲል አንዱ «ቧንቧው ቢቀር!» ብሎ መልሶ ያስነሳዋል። በመጨረሻ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። የቀረበለትን ሻይ አልቀመሰውም። ከንቲባው ሙሉውን ብርጭቆ አይቶታል፤ ግን ቀልዱ ጣፍጦት ስለነበር አላሰበበትም።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ጸጉር አስተካካዩ አልመጣም።

«ታሞ ይሆናል» አለ ከንቲባው።

በሁለተኛው ማክሰኞም አልመጣም። አግዳሚውም እንደ ወትሮው አልሞላም፤ አራት አምስት ሰው ብቻ ነበረበት። ምክትሉ ደስ እያለው ወረቀት ይዞ ገባ። «አቤቱታ በግማሽ ቀንሷል። ሕዝቡ እየረካ መጥቷል ማለት ነው» አለ። ከንቲባው ወረቀቱን አየ፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ነገር ግን የሆነ ነገር ቆረቆረው። ተነሳ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ ዘጋው። የጠረጴዛውን ስልክ አንስቶ ይሠራ እንደሆነ አዳመጠ። ይሠራል።

በሦስተኛው ማክሰኞ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ዘበኛው ብቻ ነበር። ከንቲባው ብቅ ሲል ደንግጦ ተነሳ።

«ሰው የለም?»

«የለም ጌታዬ።»

«ትናንትስ የመጣ አለ?»

«ኧረ የለም።»

ተመልሶ ገባ። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ተመላለሰ። ፊርማ የሚጠብቅ ወረቀት ነበረው፤ ሁለት ጊዜ አንብቦት ምን እንደሚል አላወቀም። ያ ሁሉ ሰው የት ገባ? መብራቱ እንደሆነ ዛሬም ጠፍቷል። ውሃው ያው ነው። አንድም ነገር እንዳልተጠገነ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ የሚያስጠግነው እሱ ነውና። ታዲያ ምኑ ነው የረካው?

ምክትሉን ጠራው። «ያ ሰው መጨረሻ የመጣ ቀን ምን ነበር ያለው?»

ምክትሉ ገና ሳይጀምር ሳቁ መጣ። «ጉድጓዱ እሁድ ዕለት ሰው አስገባ፤ ቧንቧው ቢቀር ቢቀር...»

ከንቲባውም ሳቀ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም።

«ማንን ነው ያስገባው?»

«እንዴት?»

«ሰው አስገባ አለ አይደል? ማንን?»

«ቀልድ ነው እንጂ ጌታዬ...» አለ ምክትሉ።

ከንቲባው ኮቱን አንስቶ ወጣ። ሾፌሩ መኪናውን ሲያስነሳ እጁን አወዛውዞ ከለከለውና በእግሩ ወደ ገበያው ቁልቁል ወረደ።

በዚያ መንገድ በእግሩ ከሄደ ከምርጫው ሰሞን ወዲህ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ እጀጌውን የማይጎትት ሰው አልነበረም። አንዱ ጣሪያውን ያሳየዋል፤ አንዷ ባዶ ቧንቧዋን ታሳየዋለች፤ ሌላው እየተሳደበ እስከ መንገዱ ጫፍ ይከተለዋል። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ነሳው።

አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ፊት ቆመ። «እንዴት ናችሁ እናቴ? ችግር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም፤ ይመስገን» አለች ዓይኗን ቲማቲሙ ላይ አድርጋ።

ጄሪካን የተሸከመች ሴት አቀበቱን ስትወጣ አገኘ። «ውሃ አለ?»

«አለ፣ ጌታዬ። ይመስገን።» ጄሪካኑ ባዶ መሆኑን ከአያያዟ አየ።

ልብስ ሰፊውን ጠየቀ፤ «ሁሉም ደህና ነው» አለው። ሥጋ ሻጩን ጠየቀ፤ «ደህና ነን» አለው። ይህ ሁሉ «ደህና» ከንቲባውን እንደ ብርድ ኮቱን አልፎ ገባው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። እርምጃውን አፈጠነ።

ጉድጓዱ ጋ ደረሰ። ጉድጓዱ ከሰማው ይሰፋል። የሰፈሩ ሰዎች ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመውበት፣ በዳርና ዳሩ ድንጋይ ክበው አጥረውታል። ድንጋዩ አዲስ ነው። ማንንም ሳይጠይቁ፣ ለማንም ሳያመለክቱ የሠሩት ነው። ግንዱን ተሻግሮ ጸጉር ቤቱ ገባ።

ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ጸጉር አስተካካዩ መብራት ስለሌለ የአንድ ሽማግሌ ጸጉር በመቀስ ያስተካክላል። ከንቲባው ሲገባ ሁሉም ተነሱ። ሰውዬው ዘወር ሲል ከንቲባው ደነገጠ። ጢሙ አድጎ ጉንጩን ሸፍኖታል።

ከንቲባው ሲጨነቅ መቀለድ ይቀናዋል። «ምነው፣ ይሄ ሁሉ መቀስ እያለ ጢምህን የሚላጭልህ አጣህ?» አለ።

ማንም አልሳቀም። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ በመስታወቱ ውስጥ ከንቲባውን እያዩ፣ «ሐዘን ላይ ነው፣ ጌታዬ» አሉ።

«ማን ሞቶብህ?»

«አባቴ» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«መቼ?»

«ይኸው ሐሙስ ሲመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የወደቁት እሁድ ለቅዳሴ ሲሄዱ ነው። ጎህ አልቀደደም፤ መንገዱ ላይ መብራት የለም። ጉድጓዱ ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።»

ከንቲባው ተራ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎታለሁ፣ ክቡር ከንቲባ። እሁድ ወደቁ፤ ማክሰኞ ልነግርዎ መጣሁ።»

ከንቲባው ያችን ማክሰኞ አስታወሳት። ጠረጴዛውን የሚደበድበው እንግዳ ታየው። የራሱን ድምፅ ሰማ። እስከዚያ ሰዓት እንደ ልማዱ ሲወዛወዝ የነበረው እግሩ ቀጥ አለ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው?» አለ ቀስ ብሎ። «በግልጽ ብትለኝ...»

ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ። «በግልጽ ብዬ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ጉድጓድ ሦስት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ‹ወደሚመለከተው ክፍል ሂድ› ተባልኩ፤ የሚመለከተውም ክፍል አይመለከተኝም አለኝ። ማክሰኞ ሰው ይገባል ሲባል ሁለት ሳምንት ተራ ጠብቄ ሳይደርሰኝ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ፤ እርስዎ ስልክ ላይ ነበሩ። ተስፋ ስቆርጥ ቀለድኩ። ያን ጊዜ ስልኩን አስቀመጡ። በቀልድ ብቻ እንደሚሰሙኝ ያን ቀን አወቅሁና ሁሉን ነገር በቀልድ ሳመጣ ከረምኩ። አንድ ቀን ከቀልዱ ሥር ያለውን ያዩታል ብዬ ነው። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሆዴ ግን አንድም ቀን አልሳቀም።»

«ያን ቀንስ?»

«ያን ቀን ልለምንዎ ነበር የመጣሁት። ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይወሰዱ ብሎ አምቡላንስ አጥተን ነበር። አንድ ቃል ቢናገሩ ይገኝ ነበር። አፌን ስከፍት እንግዶችዎን አየሁ። ሳቃቸው ቀድሞኝ ወጥቷል። የአባቴን ነገር እዚያ መሃል እንዴት ላውርደው? ቃሉ ጠፋኝ፤ አፌ የለመደውን አወጣ። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። ‹ማን ነው የገባው?› ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሳቁ አላልቅ አለ።»

ሰውዬው መቀሱን አነሳ። «ሐሙስ አረፉ። ሰፈሩም ይህን ሰማ። ሰው ወደ እርስዎ መምጣት የተወው እኔ አድሜበት አይደለም። ማንንም አልከለከልኩም።» ወደ ሽማግሌው ጸጉር ተመለሰ። «አሁን ደህና ነን፤ ይመስገን።»

ከንቲባው በዚያው ቀን ለቅሶ ቤት ሄደ። የሟች ሚስት አጠገብ ተቀምጦ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ፈለገ፤ ያገኘው ሁሉ ቀለለበት። እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመው መጡ» ብለው ከማመስገን ሌላ ነገር አልተናገሩም።

በማግስቱ ሠራተኛ አዘዘ። ቧንቧው ገባ፤ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ የመንገዱ መብራት ሲመሽ ይበራ ጀመር። ሥራው ሁሉ የፈጀው ሦስት ቀን ነው። ከንቲባውን ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳው ይህ ነበር። ሦስት ቀን! ከስምንት ወር በላይ ተከፍቶ የከረመው፣ እሱም የሳቀበት ነገር ሦስት ቀን ብቻ ይበቃው ነበር።

ምክትሉ «በራዲዮ እናስነግረው፤ ሕዝቡ ተመልሶ ይመጣል» አለው። ከንቲባው «አንድም ቃል እንዳይነገር» አለ። ማክሰኞ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው ማክሰኞም አልመጣም። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ የሚፈረመውን ወረቀት ከጠረጴዛው አስነስቶ ጠበቀ። ኮቴ በሰማ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል፤ የሚመጡት ግን ዘበኛው ወይም ጸሐፊዋ ናቸው። እንዲህ እየሆነ ሰባት ማክሰኞ አለፈ። የተቆፈረ መንገድ በሦስት ቀን ይደፈናል፤ የተቆረጠ ተስፋ ግን በትእዛዝ እንደማይቀጠል ያን ጊዜ ገባው።

በስምንተኛው ማክሰኞ ከደረጃው ሥር ጩኸት ተሰማ። ዘበኛው «ቀስ በይ እናት፣ ቀስ በይ» ይላል። «ቀስ አልልም! ተወኝ!» ትላለች አንዲት ሴት። በሩ ተበረገደ። ቲማቲም ሻጯ ናት፤ ያን ጊዜ «ምንም የለም፤ ይመስገን» ያለችው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በመሐረብ የያዘችውን የተጨፈላለቀ ቲማቲም የከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

«የቀበራችሁት ቧንቧ ፈንድቶ ዕቃዬን ጎርፍ ወሰደው! እናንተ ሰዎች ስትቆፍሩ ሰው ትገድላላችሁ፣ ስትደፍኑ ቲማቲም ታሰጥማላችሁ! ምን አድርጉ ብለን እንለምናችሁ? እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ ብንልስ ትሰሙናላችሁ?»

የምክትሉ ከንፈር ሳቅ ጀመረው። ከንቲባው ዞር ብሎ አየው፤ ሳቁ ጠፋ።

«ይቀመጡ እናቴ፤ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለ ከንቲባው።

«አልቀመጥም! ስትቀመጥ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው! ተነስና ና እይ!»

ከንቲባው ተነሳ። ምክትሉ የተቆጣ መስሎት ነበር፤ ቀና ብሎ ሲያየው ግን የከንቲባው ዓይን እንባ ሞልቶታል። ሴትዮዋ ፊት ፊት፣ እሱ ኋላ ኋላ ሆነው በገበያው መሃል ወረዱ። እስከ ሰፈሩ ድረስ ስትሰድበው ሄደች። አባቱንም አነሳች፤ መራጮቹንም አልማረችም፤ ራሷንም ጭምር፣ እሷም መርጣው ነበርና። ሰው ከየሱቁ ብቅ ብሎ አየ። ከንቲባው ግን እንደዚያን ቀን ስድብ ጣፍጦት አያውቅም። ቧንቧው እስኪዘጋ ከውሃው መሃል ቆሞ ሠራተኞቹን አሠራ። ገና ሥራው ሳያልቅ ሥጋ ሻጩ መጥቶ ስለ መብራቱ ጮኸበት፤ ከእሱ በኋላ አንዲት ሴት ባዶ ጄሪካን ይዛ መጣች።

ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አያቸው። ከንቲባው በዓይኑ ፈለገው። ሰውዬው አንገቱን በትሕትና ሰበር አድርጎ ወደ ደንበኛው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አግዳሚው እንደ ድሮው ሞላ፤ ማክሰኞም እንደገና ማክሰኞ ሆነ። እሱ ግን ወደዚያ ቢሮ ዳግመኛ አልመጣም።

መምህር ጥላዬ እዚህ ላይ ጨዋታቸውን ጨረሱ። ከዚያ ወደ ትብለጥ ዞሩ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ሰዉ ዝም የሚለው መቼ ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዝም የሚለውማ አንቺን የተወሽ ቀን ነው። አቤቱታ በር ማንኳኳት ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው አለ ብሎ የሚያምን ነው የሚያንኳኳው፤ ባዶ ቤት ማንም አያንኳኳም። የዶሮውም ሰውዬ፣ የዝናቧም ሴትዮ፣ ጨለማውን የላከልሽም እስካሁን ትሰማናለች ብለው ነው። አንዳንዱ ነገር እውነትም ከንቱ ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ከንቱ መስሎ የመጣው በሌላ መልኩ ቢመጣ ስለማታስገቢው ነው። የሚያስቅሽ ሰው ሲመጣ ሳቂለት፤ ሳቅ ኃጢአት አይደለም። ብቻ ያ ከንቲባ የሳታትን ቃል እንዳትስቺ። ምናልባት ሰውዬው ወዲያው አምቡላንስ ቢያገኝም አባቱ አይድኑም ነበር፤ ይህን እግዜር ያውቃል። ሰውዬው ግን ቆሞ የጠበቀው አንዲት ቃል ነበር፤ ሳቅሽን ስትጨርሺ እሷን በይ፤ ‹ማንን?›»